ሞፈር የዞረለት ቁርቁራ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ገደሉን ቁልቁል ሰድዶ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከአፋር በረሃ የሚለየውን ወሰን ይዘው፣ በሁለቱ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ተዘርግቶ ይገኛል። ይህ ሜዳ ከቆቦ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ እየዘለቀ የራያ ቆላ የሚባል ሲሆን፣ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞችና ፈፋዎች፣ ከእነርሱም ስማቸው ጐልቶ የሚጠራው ሆርማትና ጎሊና፣ በየክረምቱ ደለል እየጨመሩለት መሬቱን ያወፍሩታል። ዝናቡ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ነገር ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚቀርበት፣ ወይም ሁለቱም አብረው የሚቀሩበት ዘመን ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ አገር የተጻፈውን የሚመረምር አንባቢ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ጦርነትን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ በእደ ማርያም በዚህ ዳርቻ ይኖር ከነበረው ከዶባ ሕዝብ ጋር የተዋጉትን ውጊያ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ራያና አዘቦ የተባሉት የኦሮሞ ነገዶች መጥተው መስፈራቸውን፣ ከዚያም ነገሥታቱና መኳንንቱ እየተፈራረቁ ያደረጉትን ዘመቻ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራያ ሰው ያነሣውን ዐመፅ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዚያው በላይ በማይጨው የሆነውን ታላቅ ጦርነት፣ መጽሐፍ ሁሉ ያወሳዋል። ከጦርነቱ ቀጥሎ የሚነገረው ረኃብ ነው፤ የ1966ና የ1977 ዓ.ም. መከራ የቆቦንና የቆረምን ስም እስከ ዓለም ዳርቻ አድርሶታል። ይህን ሁሉ ታሪክ ጸሐፊዎች መጻፋቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረው፣ ሠራዊት ባለፈበትና ዝናብ በቀረበት በዚያ ሜዳ ላይ የሰውን ኑሮ ሳይቋረጥ ያቆየው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ ማነሱ ነው፤ ኑሮውን ካቆዩት ነገሮች አንዱ፣ በእኔ አሳብ ከታላላቆቹ አንዱ፣ በማሳው መካከል የቆመው ቁርቁራ ነው።

ቁርቁራ በአማርኛም በኦሮምኛም በዚሁ ስም ሲታወቅ በትግርኛ ጋባ ይባላል፤ በራያ ገበያ ሦስቱም ቋንቋዎች ስለሚነገሩ በየትኛውም ቢጠሩት ያገኙታል። ፍየል በሚግጠውና ምሳር በሚደርስበት ስፍራ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል፤ ከነዚህ ሲጠበቅ ግን ጥላው የሰፋ ዛፍ ይወጣዋል። በየቅጠሉ ሥር ሁለት እሾህ ይበቅላል፤ አንደኛው ቀጥ ያለ ሁለተኛው ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ፣ የተያዘ ልብስ ከአንዱ ሲላቀቅ ሌላው ይይዘዋል። ቅጠሉ ከግርጌው በሚነሡ ሦስት ጅማቶች ይለያል። ፍሬው ድቡልቡል ሆኖ ሲበስል ቢጫ፣ እያደር ወደ ቡናማ ቅላት የሚያደላ፣ ሥጋው ስስ፣ በውስጡም ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ፍሬ ዘር ያለበት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሥሩ ነው፤ ይኸውም የላዩ አፈር ደርቆ በተሰነጠቀ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ጠልቆ ርጥበት ስለሚያገኝ፣ ማሽላው ጠውልጎ በቀረበት ዓመት ቁርቁራው ቅጠሉን ይዞ ይታያል። ግንዱ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቢቃጠልም ብዙ ጊዜ እንደገና ይበቅላል።

በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ቁርቁራ የሚቆጠረው ከጌሾ ነገድ ነው። እንዲያውም ስዊድናዊው ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሲያወጣለት በጌሾው ወገን ውስጥ አግብቶት ነበርና፣ ወደ ራሱ ወገን የተዛወረው ኋላ በፈረንሳዊው ዴፎንቴን እጅ ነው። ይህን ማውሳቴ ለመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ጠጁን የሚያነሣሣው ጌሾና ለጠጁ ማሩን የሚያስገኘው ቁርቁራ በሥጋ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ፣ አንደኛው በየጓሮው ሲተከልና ሲኰተኰት፣ ሁለተኛው ግን ማንም ሳይተክለው መኖሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው።

በእርግጥም በራያ ቆላ ቁርቁራን የዘራ ገበሬ አልነበረም። የዘራው ፍየሉ ነው። ፍየል የበሰለውን ፍሬ ከነዘሩ ውጦ፣ ማታ በበረት ተኝቶ ሲያመሰኳ ጠንካራውን ዘር ከአፉ ይተፋዋል፤ ዘሩ በበረቱ ውስጥ በኮቴ ሲረገጥ፣ በሽንትና በፍግ ሲርስ ይከርምና ልባሱ ይላላል፤ ከዚያም ገበሬው ፍጉን ጠርጎ ወደ ማሳው ሲያወጣ ዘሩንም ሳያውቀው አብሮ ያወጣዋል። ክረምቱ ሲገባ በማሽላው መካከል ትንሽ ባለ እሾህ ቡቃያ ብቅ ትላለች። የገበሬው ፈቃድ የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው። በሬ ጠምዶ የመጣ ሰው ይህን ቡቃያ በማረሻው ገልብጦት ቢያልፍ የሚከለክለው አልነበረም፤ ቡቃያው ከመንገዱ ላይ ነው፣ እሾሁም እግሩን ይወጋዋል፣ ሥሩም ወገሉን ይይዘዋል። ነገር ግን ከቡቃያዎቹ መካከል የተሻለውንና በቦታው የሚስማማውን መርጦ ሞፈሩን አዞረለት፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አዞረለት፤ ልጁም አባቱ ሲያዞር አይቷልና በተራው አዞረለት። በራያ ማሳዎች መካከል ተራርቀው የቆሙት ቁርቁራዎች፣ ከእነርሱም ጋር ግራሮቹ፣ በዚህ ዓይነት ምርጫ የተረፉ ናቸው እንጂ እንደ ዱር ዛፍ በዘፈቀደ የቆሙ አይደሉም። ስለዚህ የዚህ ቁጥቋጦ ታሪክ የመትከል ታሪክ ሳይሆን የመማር፣ ማለትም ምሕረት የማድረግ ታሪክ ነው ብል ከእውነት አልርቅም፤ አገራችን ስለ ዛፍ ስታስብ ችግኝ መቁጠርን ብቻ በለመደችበት በዚህ ዘመን፣ ያ ዝምተኛ ልማድ ያለ ስምና ያለ ምስጋና መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ገበሬው ይህን ያደረገው በከንቱ አልነበረም። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ተመልምሎ ለፍየልና ለግመል ይጣላል፤ ከብቱ ቅጠሉን ከለቀመ በኋላ የቀረው እሾሃማ ቅርንጫፍ ለበረትና ለጓሮ አጥር ይሆናል፤ ወፍራሙ እንጨት ለቤት ምሰሶና ለእርሻ ዕቃ፣ ቀጭኑ ለማገዶ ይወጣል። በተለይም የራያ ሰው ከጥንት የሚታወቅበት ጥበብ፣ ከደጋ የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ መምራት፣ ያለ እሾህ የሚሆን አልነበረም፤ ጎርፉን የሚመልሰው ክትር ከድንጋይ፣ ከአሸዋና ከአፈር ጋር እሾሃም ቅርንጫፍና ቁጥቋጦ እየተነባበረ የሚሠራ ነበርና፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ እየተያያዘ አሸዋውን ስለሚያስቀር፣ በጎርፍ ተገፍቶ የሄደውን ክትር ደግሞ በየዓመቱ እንደገና መሥራት ግድ ስለ ነበር፣ ሁልጊዜ የሚያቆጠቁጥ ባለ እሾህ ዛፍ በአቅራቢያ መኖሩ ለእርሻው ሕይወት ነበር። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የቆቦ ማሽላዎች የጠገቡት ውሃ በከፊል በዚህ እሾህ የተመራ ውሃ ነው።

ወደ ንቡ ልምጣ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በትግራይና በዚያን ጊዜ አንጎት ይባል በነበረው በዚሁ አካባቢ በኩል ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲጓዝ ካያቸውና በመጽሐፉ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ የንብ አያያዝ ነው። በእርሱ አገር ቀፎ በሜዳ ሲቀመጥ፣ እዚህ ግን ገበሬው ቀፎውን በሚኖርበት ቤት ውስጥ ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ከንቦቹ ጋር አብሮ እንደሚኖር አይቶ ጽፏል። ይህ ልማድ በሰሜኑ አገራችን ዛሬም አልጠፋም። በቆላው ግን ቀፎ ከቀጫጭን ቅርንጫፍ ተሠርቶ በጭቃና በእበት እየተመረገ፣ በመልካም ሽታ ባለው እንጨት ጢስ እየታጠነ፣ በቤት ጥግ ብቻ ሳይሆን በዛፍም ላይ ይሰቀላል፤ መንጋው ራሱ መጥቶ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ከገባም በኋላ አውራው እንዳይሰደድ እየተሰጋ ይጠበቃል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ሊታወቅ የሚችለው ሰሙን ከማሩ ጋር ስናስብ ነው። ቆቦ ከላስታ ሥር ናት፤ በላይዋ ባለው ደጋ ውስጥ የቅዱስ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ፤ ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከብበውት እንደ ታዩም ገድሉ ይተርካል። በዚያና በመላው አገር ባሉ አድባራትና ገዳማት በማኅሌትና በቅዳሴ የሚበራው ጧፍ ከንብ ሰም የሚሠራ ስለ ነበር፣ ከአንድ ቀፎ የወጣው ወለላ ለባለጠጋው ጠጅና ለሕመምተኛው መድኃኒት ሲሆን፣ ሰፈፉ ተቀቅሎና ተጣርቶ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። ማር በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ለጌቶች በግብር መልክ ሲገባ የኖረ ሀብት ነው፤ ሰም ደግሞ ከአገራችን ወደ ውጭ ከሚወጡት ጥንታውያን ሸቀጦች አንዱ ሆኖ በምጽዋ በኩል ባሕር ሲሻገር ቆይቷል። በመኳንንቱ አዳራሽ የተጠጣው ጠጅ፣ በመቅደሱ የበራው ጧፍ፣ ከቆላ የሚወጣውን ያህል በቁርቁራና በግራር አበባ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ የዛፉን ስም የጻፈ ደብተራ አለመገኘቱ ግን እንግዳ ነገር አይሆንብንም፤ ግብር ተቀባይ የሚመዘግበው ጋኑን እንጂ አበባውን አይደለምና።

የቁርቁራ አበባ ለዓይን የሚማርክ አይደለም። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የምትጠጋ፣ አምስት ጫፍ ያላት ትንሽ ኮከብ ናት፤ ነገር ግን በመካከልዋ ባለው ክብ ገበታ ወለላዋን ሳትሸሽግ ለመጣው ሁሉ ስለምታቀርብ፣ ረጅም ምላስ ያለው ንብ ብቻ ሳይሆን አጭር ምላስ ያላቸው የዱር ንቦች፣ ዝንቦችና ጉንዳኖችም ይመገቡባታል። የምታብበውም ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ የመስከረም አበባ የሚባለው ሁሉ በቆላው ፀሐይ ቶሎ ስለሚረግፍ፣ የምድሩ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ከደረቀ ወዲያ ለንቡ የሚቀርለት በሥሩ ጥልቅ የሆነ ዛፍና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አንድ መንጋ ከጥቅምትና ከኅዳር የማር ቆረጣ በኋላ እስከ በልግ ድረስ ሳይሰደድ እንዲቆይ የሚያደርገው የዚህ ዓይነት ዛፍ መኖሩ ነው።

ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው ሕዝብ ለዚህ አበባ ያለውን ክብር ሳስብ የእኛ ዝምታ ይበልጥ ይከብደኛል። በየመን፣ በተለይም በሐድራሞት ውስጥ ባለው በዱዓን ሸለቆ፣ በዐረብኛ ሲድር ከሚባለው ከዚሁ ዛፍ አበባ የሚገኘው ማር በዓለም ካለው ማር ሁሉ ውድ ከሚባለው የሚቆጠር ሲሆን፣ ንብ አርቢዎቹም አበባውን ተከትለው ቀፎአቸውን ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ያጓጉዛሉ። ንቡም ባዕድ አይደለም፤ በየመን ስም የተጠራው ትንሹ የንብ ዘር በኛም አገር በምሥራቁ ቆላዎች የሚኖር ነው። ዛፉ አንድ፣ ንቡ አንድ ሆኖ ሳለ፣ እነርሱ የዛፉን ስም በማሩ ላይ ጽፈው ሲሸጡ የራያ ማር ግን ከሌላው ጋር ተደባልቆ በጣሳ ይሸጣል።

ንብ ከዚህ ዛፍ የሚፈልገው አበባውን ነው፤ ቢራቢሮ ግን ቅጠሉን ደግሞ ይሻል። በአፍሪካና በዐረብ ደረቅ አገሮች የሚኖር ታሩከስ የሚባል የቢራቢሮ ወገን አለ፤ ክንፉ ቢዘረጋ ከሁለት ሳንቲሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ የወንዱ ላይኛው ገጽ ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ታችኛው በነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ሰረዝ የተጻፈበት ነው። ከዚህ ወገን አንዱ ቴዎፍራስጦስ በሚባለው በጽርዕ የዕፅዋት ፈላስፋ ስም ተሰይሟል። እናቲቱ እንቁላልዋን የምትጥለው በቁርቁራና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው፤ የሚፈለፈለው አረንጓዴ ትል የቅጠሉን ገጽ እየፋቀ ስለሚበላ፣ በቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ፈለግ ይተዋል፤ ከገላውም ጣፋጭ ጠል ስለሚያወጣ ጉንዳኖች ከብበው ይጠብቁታል። ምሳር የነካው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል ለዚህ ትል ምቹ ነው። በራያ ዳገትና ፈፋ ከቁርቁራው ጋር አብሮ የሚበቅለው ጉመሮ ደግሞ፣ ራሱም ባለ እሾህ ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ለሌሎች ነጫጭ ቢራቢሮዎች መኖሪያቸው ነው፤ የክንፋቸው ጅማት በጥቁር ቡናማ የተሣለው እነዚህ ቢራቢሮዎች ብዛታቸው በጨመረ ዘመን በሺህ እየሆኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰደዱ ይታያሉ። ማሳውን ከእሾህ ሁሉ ያጸዳ ገበሬ እነዚህን ሁሉ ያለ ቤት እንዳስቀረ ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

ሃይማኖትም ለዚህ ዛፍ የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል። ሊኔዎስ ስም ሲያወጣለት የክርስቶስ እሾህ ማለቱ፣ መድኃኔ ዓለም በዕለተ ዐርብ የደፋው አክሊለ ሶክ ከዚህ ዛፍ ተጐንጕኖ ነበር የሚለውን የቆየ ትውፊት ተከትሎ ነው። ሊቃውንቱ በዚህ አይስማሙም፤ በፍልስጥኤም ምድር የሚበቅሉ ሌሎች እሾሃማ ቁጥቋጦዎችንም ያቀርባሉ፤ እኔም በማይፈረድበት ነገር ፈራጅ አልሆንም። በእስልምና በኩል ግን ነገሩ በግልጽ የተጻፈ ነው። ቅዱስ ቁርአን በሳባ ምዕራፍ፣ የማሪብ ግድብ ፈርሶ ጎርፉ የሳባን አትክልት ባጠፋ ጊዜ ከቀሩት ጥቂት ዛፎች አንዱ ሲድር መሆኑን ያወሳል፤ በገነትም እሾህ የሌለው ሲድር እንዳለ ይናገራል። ሬሳ በሲድር ቅጠልና በውሃ እንዲታጠብ በነቢዩ ሐዲስ የታዘዘ በመሆኑ፣ ቅጠሉ ሲሻሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣልና፣ ከመካ እስከ ወሎ ያለ ሙስሊም ለመጨረሻ ትጥበቱ ይፈልገዋል። ሶማሌዎች ይህንኑ ቅጠል አድርቀውና ፈጭተው ቀሲል ብለው ሴቶች ፊታቸውንና ጠጕራቸውን ይታጠቡበታል። በግብፅ የቱታንክሐሙን መቃብር በ1915 ዓ.ም. ሲከፈት ከንጉሡ ጋር ከተቀበሩት ምግቦች መካከል የቁርቁራ ፍሬ መገኘቱም፣ ይህ ዛፍ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ የሰው ማዕድ ላይ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በራያ ቆላ ፍሬው የልጆች ነው። ከብት ጠባቂው ከዛፉ ሥር የወደቀውን እየለቀመ ይበላል፤ የተረፈው በከተማ ገበያ በጣሳ እየተለካ ይሸጣል። በክፉ ቀን ግን የልጆች ምግብ የነበረው የሁሉ ምግብ ይሆናል። ማሽላው ባልያዘ ጊዜ ፍሬው ደርቆ ይቀመጣል፤ ከዘሩ ላይ ተፍቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። በረኃብ ዘመን የሚበሉ የአገራችን የዱር ተክሎች በተዘረዘሩበት ሁሉ ቁርቁራ ይገኛል። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ዛፉ የሰውን ሁሉ ነፍስ ሊያድን አልቻለም፤ ያን የሚያህል መከራ በዛፍ ፍሬ የሚመለስ አልነበረም። ነገር ግን ከቀዬው ሳይነቀል ለመቆየት ለታገለው ቤተ ሰብ የሳምንታት ዕድሜ መጨመሩ ሊካድ አይገባም። በነዚያው ዓመታት ከመጣው ጥፋት አንዱም በዛፉ ላይ ደረሰ፤ የሚሸጥ ከብት ያለቀበት ሰው የሚሸጠው ማገዶና ከሰል ብቻ ስለሚሆን፣ አባት የማራቸውን ዛፎች ልጅ በረኃብ ተገድዶ አከሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ቀንበር ነፃ አወጣው፤ ይህ ታላቅ ፍትሕ ነበር። ሆኖም መሬቱ ደጋግሞ ሲከፋፈል፣ በአማራ ክልልም በ1989 ዓ.ም. እንደገና ሲደለደል፣ ዛሬ ሞፈሩን የሚያዞርለት ቡቃያ ነገ በማን ማሳ እንደሚቆም ገበሬው የማያውቅበት ጊዜ ሆነ፤ የማር ዛፍ ደግሞ ፍሬ የሚሰጠው ለታጋሽ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህም የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ ስላወጣ፣ ቀድሞ በጎርፍና በዝናብ ብቻ ይታረስ የነበረው ሜዳ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም አበቀለ። ውሃው መልካም ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ቧንቧ በተዘረጋበትና በመስመር በሚተከልበት ማሳ መካከል የቆመ ባለ እሾህ ዛፍ እንደ እንቅፋት መታየት ጀመረ፤ ጎርፍ የሚጠለፍበት ክትርም በሲሚንቶ ሲሠራ የእሾሁ ቅርንጫፍ ተፈላጊነት ቀረ። በዚህ ላይ ከአሜሪካ ምድር የመጣው፣ ገበሬው ቅንጨ የሚለው አረም፣ በዕርዳታ ስንዴ ውስጥ ገብቷል ተብሎ የሚታመነው፣ በመንገድ ዳርና በግጦሽ ላይ ተስፋፍቶ አገር በቀሉን አበባ ስላፈናቀለ፣ ንቡ ከርሱ ብናኝ ሲሰበስብ ማሩ እንደሚመር ንብ አርቢዎች ያማርራሉ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ ሜዳ ላይ ሲመላለስ ደግሞ ሰው ከነከብቱ ተሰደደ፤ የሽሽት ጊዜ ለዛፍ የሚያስብበት ጊዜ አይደለም።

ዛሬ ቁርቁራን ማብቀል የሚፈልግ ሰው ከፍየሉ መማር ይገባዋል። ጠንካራው ዘር እንዳለ ቢዘራ ለረጅም ጊዜ ይተኛል፤ ስለዚህ ዙሪያው ሳይጐዳ በቀስታ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ስስ ፍሬ ወጥቶ፣ ወይም ዘሩ በውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ፣ ረዘም ባለ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይዘራል። ሥሩ ገና በሕፃንነቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ችግኙ በችግኝ ጣቢያ መሰንበት የለበትም፤ ሐምሌ ገብቶ ምድር ሲረካ ወዲያው ውሃ በሚይዝ ጉድጓድ መተከል አለበት። ከዚያ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ነው፤ ዘሩን የዘራው ፍየል ቡቃያውንም የሚበላ እርሱ ነውና፣ ቁመቱ ከፍየል አፍ እስኪያልፍ ድረስ በእሾህ መታጠር ይገባዋል። በተከለሉት ተረተሮች ላይ፣ ከቆቦ በላይ እስከ ግራ ካሕሱ ባለው ዳገት እንደሚታየው፣ ፍየል ሲከለከል ከቀረው ጉቶና ከአፈሩ ውስጥ ከተኛው ዘር ያለ ምንም ችግኝ ብዙ ቁጥቋጦ ራሱ ይነሣል፤ ይህም የጥንቱ ምሕረት በሌላ መልኩ ነው።

በመስኖው ሜዳ ላይ ግን ዛፉ ወደ ማሳው መካከል እንዲመለስ መጠየቅ የማይሆን ነገር ነው፤ ስፍራው በማሳው ወሰንና በቦዩ ዳር ነው። ሽንኩርት ለዘር የሚያስቀር ገበሬ ያለ ንብ ዘር አይዝለትም፤ ማንጎውም ያለ ዝንብና ያለ ንብ ፍሬው ያንሳል፤ ንቡ ደግሞ ሽንኩርቱ በማያብብበት በአሥራ አንዱ ወር የሚበላው ሌላ አበባ ከሌለው ለአንዱ ወር ብሎ አይቆይም። ይህ እውነት በግብርና ባለሙያውም በገበሬውም ፊት ሊነገር ይገባል፤ ጸረ ተባይ መድኃኒትም ንቡ በሚሰማራበት በረፋዱ ሳይሆን ወደ ቀፎው በተመለሰበት በምሽቱ እንዲረጭ፣ በቁርቁራው የአበባ ወራትም በወሰኑ ዛፎች ላይ ጨርሶ እንዳይደርስ ማድረግ፣ ከጉድጓድ ማስቆፈሩ ጋር ሲነጻጸር ምንም ወጪ የማያስወጣ ሥራ ነው። በአንድ ሄክታር ወሰን ላይ የሚቆሙ ጥቂት ቁርቁራዎች የሚነጥቁት መሬት ከሽንኩርቱ የሚያጎድለው ጥቂት ነው፤ የሚያመጡት ማር፣ የበጋ መኖና የነፋስ መከላከያ ግን በዓመቱ መጨረሻ በገበሬው ጎተራና በቀፎው ውስጥ ሊቈጠር የሚችል ነው።